ምሽግ ከተማ የሚሆነው መቼ ነው? ስለ ቡሬና ስለ ፍኖተ ሰላም የተደረገ አጭር ጥናት

«ከተማ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንናገረዋለን፤ ይሁን እንጂ ቃሉ መጀመሪያ ምን ማለት እንደ ነበረ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ አይደለም። ዛሬ ከተማ ስንል አስፋልት፣ መብራት፣ ሱቅና መናኸሪያ በዓይናችን ይመጣሉ። የቀድሞ አባቶቻችን ግን «ጦሩ ከተመ» ሲሉ ድንኳኑን ተክሎ ሰፈረ ማለታቸው ነበረ። እንግዲህ ከተማ የሚለው ቃል ከገበያ በፊት ጦርን ያውቃል ማለት ነው።

የሰፈሩም ሥርዓት የታወቀ ነበረ። የንጉሡ ወይም የአገር ገዢው ድንኳን ከመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ ከቀኝ፣ ግራ አዝማቹ ከግራ ይሰፍራሉ። ዛሬ ባዶ የማዕረግ ስም መስለው የሚታዩን እነዚህ ቃላት በእውነቱ የሰፈሩን አቀማመጥ የሚያሳዩ ናቸው። በዙሪያው እንጨቱ ተቆርጦ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ እህሉ ተበልቶ ሲያልቅ ጦሩ ይነሣል፤ ትናንት ሺህ ጭስ ይጨስበት የነበረው ቦታም ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ሰፈር ብቻ ሳይነሣ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ መንደሩ ሁሉ «ሰፈር» እየተባለ የሚጠራው፣ ለምሳሌ ራስ ካሣ ሰፈር የሚባለው፣ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው የሰፈሩበት ስለ ነበረ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። የካይሮ ከተማ መነሻ የሆነችው ፉስጣጥ በሰባተኛው መቶ ዓመት ግብፅን የያዘው የዐረብ ጦር የሰፈረባት ቦታ ነበረች፤ ስሟም ድንኳን ማለት ነው ይባላል። የእኛው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችው ካርቱምም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1820ዎቹ የግብፅ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር የተከለው ሰፈር ነበረች። በእንግሊዝ አገር ስማቸው በ«ቼስተር» የሚያልቀው ከተሞች ብዙዎቹ የሮማውያን ምሽጎች ነበሩ።

ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከብዙ ምሽግ መካከል አንዱ ከተማ ሆኖ ሲቀር ሌላው ለምን የድንጋይ ክምር ይሆናል? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ በቂ ነው።

በመጀመሪያ ቡሬ የት እንዳለች እንመልከት። ቡሬ በዳሞት ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተሰሜን የዓባይ ምንጭ ያለበት የሰከላ ደጋ ነው፤ በስተምዕራብ የአገው ምድር ነው፤ በስተደቡብ መሬቱ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል። ከዓባይ ማዶ ሆሮ ጉድሩና ወለጋ ናቸው። ስለዚህ ከደቡብ የሚመጣ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ፣ የቆላውን ሙቀት አልፎ፣ ደጋውን ሲረግጥ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር። በዚያው መንገድ ባሮችም ይነዱ እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም፤ ታሪክ የምንማረው ያማረውን ብቻ ለመምረጥ አይደለምና።

ዓባይም የንግድ መሻገሪያ ብቻ አልነበረም፤ የግዛት ድንበርም ነበረ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር ማን ይግዛው ብለው በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ ከዚያ ወዲያ የጎጃም ግዛት በዓባይ ወዲህ ተወሰነ። ዳሞት እንግዲህ የጠረፍ አገር ሆነ ማለት ነው። በጠረፍ ላይ ሁለት ሰዎች አይጠፉም፤ አንዱ ወታደር ነው፤ ሁለተኛው ነጋዴ ነው።

የዋናው ከተማ የደብረ ማርቆስ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቦታው አስቀድሞ መንቆረር ይባል ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ከተሙበት። በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ መንቆረር የሚለው ስም ቀረና ደብረ ማርቆስ ተባለ። የጦር ሰፈሩ ስም ሲለወጥ አገሬው «ይህ ሰፈር ከእንግዲህ አይነሣም» ብሎ የተረዳ ይመስለኛል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ስለ ፍኖተ ሰላም ስንነጋገር ይመለሳልና።

አሁን ወደ ጠላት ዘመን እንለፍ። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ጎጃምን ከያዘች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ጸጥ ያለ መስሎ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ግን ጎጃሜው በየአቅጣጫው ስለ ተነሣ የኢጣልያ ሹማምንት መንገዱን ካልጠበቁ አገሩን መያዝ እንደማይችሉ ተገነዘቡ። ስለዚህ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ዳር ምሽግ በምሽግ ላይ ሠሩ፤ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ አማኑኤል። ምሽጉ የሚሠራው ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ነው፤ ዙሪያው በድንጋይ ካብና በሽቦ ይታጠራል። ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ከጉብታው ላይ አይገኝም፤ ከታች ካለ ወንዝ መቅዳት ያስፈልጋል። የምሽግ ድካም ምንጊዜም እዚህ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ምሽግ የቡሬ ነበር። በዚያ የሰፈረው ጦር በመጨረሻው ጊዜ ከነባንዳው 5 ሺህ ያህል ይደርስ ነበር፤ አዛዡም ኮሎኔል ናታሌ ይባል ነበር። እስቲ እናስላው። 5 ሺህ ሰው በቀን ስንት እንጀራ ይበላል? ስንት ሸክም እንጨት ያነዳል? ፈረሱና በቅሎው ስንት ሸክም ድርቆሽ ይጨርሳል? በመኪና የሚመጣው ዱቄት ለነጮቹ ቢበቃ እንኳ ለአስካሪውና ለባንዳው አይበቃም፤ መንገዱንም አርበኞች እየቆረጡት ነበር። ስለዚህ ምሽጉን የሚመግበው በዙሪያው ያለው ገበሬና ገበያ ነበረ።

እዚህ ላይ ከቤታችን የሰማሁትን ልጨምር። አያቴ የቡሬ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። የዚያን ዘመን ታሪክ ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ዝም ይሉኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ለመጽሔት መሆኑን ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ እናቴ ለምሽጉ እህል ትፈጭ ነበር። አባቴ ጫካ ነው። እሷ ቀን ለጣልያን ትፈጫለች፤ ማታ ከዚያው እህል ቆንጥራ ለአባቴ ስንቅ ትልካለች። ጣልያን ሲወጣ ግን ጎረቤቱ ያየው ቀን የፈጨችውን ነው እንጂ ማታ የላከችውን ማን አየው?» ከዚያ በኋላ ቅድመ አያቴ «የምሽግ እንጀራ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸው እስከ ሞታቸው ድረስ ተሸክመውት ኖሩ። ይህንን የጻፍኩት ቤተሰቤን ለማስመስገን ወይም ለማስወቀስ አይደለም። ከምሽጉ በር ፊት ለፊት እህል፣ ጠላ፣ እንቁላልና እንጨት ይዘው ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ ስለሌለ ነው።

የነጻነቱ ዘመቻ እንደሚታወቀው ከሱዳን በኩል መጣ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ወደ ጎጃም ገባ፤ ከኢትዮጵያውያን አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረውት ነበሩ። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ጌዴዎን ተብሎ የተሰየመውን ጦር የሚመራው ዊንጌት ነበር፤ ጦሩ ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን የተውጣጣ ሆኖ ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ዕቃውን የተሸከሙት 15 ሺህ ያህል ግመሎች ነበሩ፤ ነገር ግን የቆላ እንስሳ ስለ ሆኑ የጎጃምን ብርድና ዳገት አልቻሉም። አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ካርታ ሳያስፈልገው በሞቱት ግመሎች ሽታ መንገዱን ያገኝ ነበር ይባላል።

በየካቲት ወር ማለቂያ ላይ ይህ ጥቂት ጦር ከእንጅባራ ወርዶ ቡሬንና ማንኩሳን ከበበ። ቀን ተደብቆ ማታ ይተኩሳል፤ ነገ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይተኩሳል። በማንኩሳ ላይ በሞርታር ሲደበድቡ በድምፅ ማጉያም በአማርኛ «ንጉሣችሁ መጥተዋል፣ ኑ ግቡ» የሚል ጥሪ ያሰሙ ነበር። የዳሞት አርበኞች በየገደሉ ስለ ነበሩ ኮሎኔል ናታሌ የከበበው ጦር እጅግ ብዙ መሰለው፤ ባንዳውም እየከዳ ይሄድበት ጀመር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. 5 ሺህ ሰው የያዘው ምሽግ ሳይያዝ ተለቀቀ። ሰው ብዙ ሆኖ፣ ግንቡም ጠንክሮ ሳለ ምሽግ የሚለቀቀው ዙሪያው ያለው አገር ሲከዳው ነው። እንጨቱን የሚያመጣው ቀረ፤ እህሉን የሚያመጣው ቀረ፤ ወሬ የሚያመጣውም ቀረ።

የሸሸው ጦር በመንገዱ ላይ ያልታሰበ ነገር ገጠመው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር፣ በኬንያ በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተመለመለ ጦር ነው፣ ቀድሞ አልፎ በደምበጫ አጠገብ በጫረቃ ወንዝ ላይ ሰፍሮ ነበር። የካቲት 27 ቀን የናታሌ ጦር ከብረት ለበስ መኪናዎቹ ጋር መጣበት። በቁጥር ብዙ ጊዜ እጥፍ ከሚሆን ጠላት ጋር ለሰዓታት ተዋጋ፤ ጠላት ጥሶ አለፈ፤ የእኛም ወገን ብዙ ሰው አጣ። በመጻሕፍት የዊንጌት ስም ደጋግሞ ይነሣል፤ የጫረቃ ሙታን ግን እምብዛም አይነሡም። በዚያ አውራ ጎዳና በአውቶቡስ የምናልፍ ተማሪዎች ወንዙን ስናይ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ጃንሆይ በመጋቢት ወር ቡሬ ገብተው ቆዩ። ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ተጓዙና መጋቢት 28 ቀን ገቡ። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ በማንኩሳ በኩል አልፎ ወጀት በሚባል ቦታ ላይ ይወጣል። የአገራችን ሽማግሌዎች እንደሚሉት ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ስፍራ «የሰላም መንገድ» ለማለት በግዕዝ ፍኖተ ሰላም ብለው ሰየሙት። ከላይ ስለ መንቆረር የተናገርኩትን አንባቢ አሁን ያስታውስልኝ። ስሙ የተሰጠው በጦር መካከል፣ ጠላት ገና ከደብረ ማርቆስ ሳይወጣ ወይም እንደ ወጣ ወዲያው በነበረው ዘመን መሆኑ ያስገርማል። ሰላም ያለበትን መንገድ ሳይሆን ሰላም የሚፈለግበትን መንገድ የሰየሙ ይመስላል።

እንግዲህ ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን እናወዳድር። ቡሬና ማንኩሳ ሁለቱም ምሽግ ነበራቸው። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። ማንኩሳ ግን ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች፤ ስሟን ከሩቅ ያሰማላት ምሽጉ ሳይሆን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራልና። ቡሬ ያደገችው ምሽግ ስለ ነበራት አይመስለኝም። ምሽጉ የመጣው አስቀድሞ የዓባይ በርና ገበያ ስለ ነበረች ነው፤ ምሽጉ ሲሄድም በሩና ገበያው ቀሩ። በኋላ ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ የሚገባው መንገድ ሲወጣ የድሮው የሲራራ ነጋዴ ጎዳና በመኪና ተተካ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የዘይት ፋብሪካ የተመረቀውም እዚሁ ነው፤ ሰሊጥና ኑግ ከቆላው የሚወጣበት በር ስለ ሆነች።

ፍኖተ ሰላም ደግሞ ሌላ ምሳሌ ናት። እርሷን ከቡሬ በላይ ያሳደጋት የቡሬን ያህል የቆየ ገበያ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤት ነው። የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች፤ በኋላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ፍርድ ቤት ያለበት ቦታ ባለጉዳይ ይመጣል፤ ባለጉዳይ ያደረበት ቦታ ሻይ ቤትና መኝታ ይከፈታል፤ ማመልከቻ ጸሐፊውም ከዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛውን ይዘረጋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ፍኖተ ሰላም ከ25 ሺህ በላይ፣ ቡሬ ከ20 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። በተቃራኒው በአቅራቢያችን ያለው ብር ሸለቆ የወታደር ማሠልጠኛ መሆኑ ከሩቅ ሁሉ ቢታወቅም በዙሪያው ከተማ አልበቀለም። መንታ መንገድና ነጻ ገበያ የሌለው ሰፈር ሰው ቢበዛበትም ሰፈር ሆኖ ይቀራል።

ከጣልያን የቀረልን ሌላ ነገር ደግሞ በአፋችን ውስጥ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፉርኖ፣ ፓስታ የምንላቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ምሽጉ ሲፈርስ ድንጋዩን ሰው ለቤቱ መሠረት ወሰደው፤ ቃሉንም ሾፌርና ዳቦ ጋጋሪ ወሰደው።

ይሁን እንጂ ገበሬው ከተማን በምን ዓይን ያየዋል የሚለውን ሳላነሣ ባልፍ ጥናቴ ጎደሎ ይሆናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ መንግሥትም ጦርና ፖሊስ ላከበት። ያን ጊዜ ለባላገሩ ከተማ ማለት እንደገና ወታደር የሚወጣበት ቦታ ሆኖ ነበር። እኛም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተኩስ ድምፅ ከከተማችን ሲሰማ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ሲዘጋ ቃሉ ወደ ጥንት ትርጉሙ እንዴት ቶሎ እንደሚመለስ አይተናል። የክፍል ጓደኛዬ ያን ሰሞን «የሰላም መንገድ ላይ ቆመን መንገድ ጠፋን» ብሎ ነበር። አስተማሪያችን ሰምተው አልገሠጹትም።

በቅርቡ አያቴን ወደ ቡሬ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ምሽጉ የት ላይ እንደ ነበረ እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ወደ ጉብታው አላመለከቱም። ከዚያ ወደ ታች፣ ሴቶች በርበሬና ጤፍ ዘርግተው ወደ ተቀመጡበት ዞሩና «እናቴ እዚያ ጋ ነበር የምትቀመጥ» አሉኝ። ከዚያም አንድ እፍኝ ጤፍ አንሥተው በመዳፋቸው ላይ እያዩ ዋጋውን ጠየቁ፤ ውድ ነው ብለው መለሱት።

ወላጆች ሆይ፤ በቤታችሁ ስለ ቡሬ፣ ስለ ማንኩሳ ወይም ስለ ደምበጫ ምሽግ የሚያውቅ አረጋዊ ካለ፣ ተዋጊም ይሁን እህል ያቀረበ፣ ልጆቻችሁ ቃሉን በደብተር ጽፈው ለትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ እንዲያመጡ እንለምናለን። ስሙ እንዳይጻፍ የሚሻ ሰው ስሙ አይጻፍም። የተሰበሰበው በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ይወጣል።